ያውቁ ኖሯል? አሮጌ ቤት ለሙቀት መከላከያ ሲሰናዳ፦ ከኡም ጋርጉር እስከ መተማ

(ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ወሮቹና ቀኖቹ ግን የእኛው ናቸው።)

ኡም ጋርጉር በሱዳን ገዳሪፍ ግዛት የኤርትራ ስደተኞች እንዲሰፍሩባት የተቆረቆረችው በ1976 ነው። ለጊዜው ተብሎ የተተከለው ሰፈር ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ኖሯል። እዚያ ተወልደው፣ እዚያው ተድረው፣ እዚያው ልጅ የዳሩ ሰዎች አሉ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ግድግዳው በየዓመቱ ሲመረግ፣ ክዳኑ በየጊዜው ሲቀየር ኖሯል። እንዲህ ያለውን ቤት «መጠለያ» ብሎ ማለፍ አይገባም። አሮጌ ቤት ነው፤ የሚታደሰውም እንደማንኛውም አሮጌ ቤት ደካማ ጎኑ አስቀድሞ ከታወቀ በኋላ ነው። የዛሬው ዓምዳችን በገዛ እጁ ቤቱን ከሙቀት ሊከላከል ለተነሳ ሰው ነው፤ በኡም ጋርጉርም ይኑር፣ በኡም ራኩባ የስደተኞች ሰፈር፣ በገዳሪፍ ከተማ ወይም ወዲህ ተሻግሮ በመተማ ዮሐንስ።

ያውቁ ኖሯል? በገዳሪፍ ፀሐይ ልክ አናት ላይ የምትወጣው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፦ በሚያዝያ 20 እና በነሐሴ 9 አካባቢ። የመጀመሪያው ጊዜ ከዓመቱ የከፋ ሙቀት ጋር ይገጥማል፤ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ወቅት ነው። በዚያን ሰሞን እኩለ ቀን ላይ ግድግዳው ፀሐይ አያገኘውም ማለት ይቻላል። ሁሉንም የሚቀበለው ጣራው ነው። ያለዎት ገንዘብ ለአንድ ሥራ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ግድግዳውን ይተዉና ጣራውን ይያዙ።

ጠዋት የምሥራቁ፣ ከሰዓት በኋላ የምዕራቡ ግድግዳ በፀሐይ ይመታል። ከሁለቱ የሚብሰው የምዕራቡ ነው፤ አየሩ ራሱ ከጋለ በኋላ ነውና የሚመታው። ለእሱ ከማንኛውም ልባስ በፊት ከበላዩ የሚዘረጋ ዳስ ወይም ራኩባ ይቀድማል።

ያውቁ ኖሯል? 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ የሣር ክዳን የሚያግደውን ሙቀት ለማገድ የጭቃ ግድግዳ ወደ 2 ሜትር መወፈር ይኖርበታል። ሥራውን የሚሠራው በሣሩ መሐል ተይዞ የቆመው አየር ነው። ቆርቆሮ ዝናብ በማገድ ይበልጣል፤ እሳትን ይቋቋማል፤ በየጥቂት ዓመቱ ቀይሩኝ አይልም። ሙቀት በማገድ ግን ከሣር ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ጎጆው ፈርሶ በላዩ ባዶ ቆርቆሮ ሲመታ ቤቱ አደገ ይባላል፤ እኔ ግን ሚያዝያ ላይ እዚያ ቤት ውስጥ ለሚተኛው ሕፃን አዝናለሁ። ቆርቆሮው ይሁን፤ ከሥሩ ግን የሣሩን ሥራ የሚተካ ነገር ይግባለት።

ይህ ማለት የጭቃ ግድግዳ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። 40 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የጭቃ ግድግዳ የቀትሩን ሙቀት ወደ ውስጥ የሚያስገባው ከ10 ሰዓት በላይ አቆይቶ ነው። ቀኑን ሙሉ ያከማቸውን የሚለቀው ሌሊት፣ ቤተሰቡ አልጋውን አውጥቶ ደጅ ሲተኛ ነው። ስለዚህ ሌሊት በርና መስኮት መክፈት፣ ረፋድ ላይ መዝጋት ብቻውን አንድ መከላከያ ነው፤ ሳንቲም አያስወጣም።

ግብፃዊው አርክቴክት ሐሰን ፋቲ በ1964 ካይሮ ውስጥ የተሠሩ የሙከራ ክፍሎችን ውጤት ጽፎ አልፏል። ከጭቃ ጡብ በተሠራው ክፍል ውስጥ የቀንና የሌሊቱ ሙቀት ልዩነት ከ2 ዲግሪ አልበለጠም። ከተገጣጣሚ ኮንክሪት የተሠራው ክፍል ግን 36 ዲግሪ ደርሷል፤ ይህም ደጅ ካለው አየር በ9 ዲግሪ ይበልጣል። ሰው ከቤቱ ይልቅ ደጅ የሚሻለው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ማሰናዳቱ።

ያውቁ ኖሯል? ውኃ ቆሞ ካለ አየር ከ20 እጥፍ በላይ ሙቀት ያስተላልፋል። ጭድም ይሁን አገዳ፣ ጆንያም ይሁን ከገበያ የተገዛ ነጭ ፎም፣ ሥራቸው አየርን ይዞ ማቆም ነው። ከረጠቡ ግን የአየሩን ቦታ ውኃ ይይዘዋል። የረጠበ ጭድ ሙቀት አያግድም፤ ይሻግታል፣ ምስጥ ይጠራል፣ ማገሩን ያበሰብሳል። የሚያፈስ ጣራ ሳይጠገን ኮርኒስ የሰቀለ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ብስባሽ ገዛ ማለት ነው።

ፍሳሹን ለማግኘት ዝናብ መጠበቅ አያስፈልግም። ቀትር ላይ በርና መስኮት ዘግተው ጨለማ ውስጥ ይቁሙና ዓይንዎ እስኪለምድ ጥቂት ይቆዩ፤ ከዚያ ቀና ይበሉ። የመርፌ ቀዳዳ የምታህለው ሳትቀር ቁልጭ ብላ ትታያለች። ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ ውኃም ያስገባል። ከብርሃኑ አጠገብ ባለው እንጨት ላይ በከሰል ምልክት ያድርጉ፤ ጣራው ላይ ከወጡ በኋላ የቱ እንደሆነ መለየት ያስቸግራልና።

ቆርቆሮ የሚያፈሰው ስለዛገ ብቻ አይደለም። 3 ሜትር ርዝመት ያለው ቆርቆሮ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲጨምር 1.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ መልሶ ያጥራል። ረፋድና አመሻሽ ላይ ጣራው ኳ ኳ የሚለው በዚህ ነው። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ምስማሩን ያላላዋል፤ ቀዳዳውንም ያሰፋዋል። ስለዚህ ከእድሳቱ በፊት ምስማሩ አንድ በአንድ ይፈተሽ። የላላው ወጥቶ ከሥሩ ላስቲክ ያለው ይተካ። ምስማር የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው፤ በሸለቆው ላይ የተመታ ምስማር ውኃ በሚወርድበት ቦታ ላይ የተከፈተ ቀዳዳ ነው።

የገዳሪፍ ሜዳ አፈር ዋልካ ነው። ሲጠግብ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በበጋ ስንጥቁ ክንድ ያስገባል። በዚህ መሬት ላይ የቆመ ቤት በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ግድግዳውም አብሮት ይሰነጠቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። በበጋ ተከፍቶ በክረምት የሚገጥም ስንጥቅ ከመሬቱ የመጣ ነው፤ በሲሚንቶ ቢደፈን በሚቀጥለው ክረምት ሲሚንቶው ሌላ ቦታ ይሰነጥቀዋል። የሚበጀው ጭድ የበዛበት ለስላሳ ጭቃ ነው፤ አብሮ እሺ ይላልና። ክረምትም በጋም ሳይገጥም እየሰፋ የሚሄድ፣ ግድግዳውንም ወደ ውጭ የገፋ ስንጥቅ ግን የምርግ ጉዳይ አይደለም። የቤቱ አቋም ነው፤ ምሰሶና ድጋፍ ሳይደረግለት ምንም ነገር አይለበስበት።

ግድግዳው ሥር ውኃ እንዳይቆም ማድረግ ከየትኛውም መከላከያ ይበልጣል። ገዳሪፍ ላይ በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፤ ያውም ከሞላ ጎደል ሁሉም ከሰኔ እስከ መስከረም። ዙሪያውን መሬቱን ወደ ውጭ ማዘንበል፣ ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ራቅ አድርጎ ቦይ መቅደድ፣ ታዛውን ማስረዘም፦ በሁለት ቀን የሚያልቅ የአካፋ ሥራ ነው።

የቆመ ውኃ የሚያደርሰው ጉዳት በ2020 ታይቷል። በዚያ ዓመት የናይል ውኃ ካርቱም ላይ 17 ሜትር ተኩል ደርሶ፣ ሱዳን በነሐሴ ወር መጨረሻ የሦስት ወር አስቸኳይ ጊዜ አወጀች። በመላ አገሪቱ ከ100 ሺህ በላይ ቤቶች ፈረሱ ወይም ተጎዱ። የጭቃ ግድግዳ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ከላይ በሚመታው ዝናብ ሳይሆን ሥሩ ለቀናት ውኃ ውስጥ ሲቆም ነው። የቆመ ውኃ ከቀረለት ጭቃ መቶ ዓመት ይቆማል።

ያውቁ ኖሯል? ለምርግ የሚሆን አፈር መለየት የሚቻለው በአንድ የውኃ ላስቲክ ጠርሙስ ነው። ሲሶውን አፈር፣ የቀረውን ውኃ ያድርጉ፤ ቁንጥር ጨው ጨምረው በደንብ ይበጥብጡና ያስቀምጡት። አሸዋው በደቂቃ ውስጥ ይዘቅጣል፤ ደቃቁ አፈር በሰዓታት ይከተላል፤ ሸክላው ውኃውን ሳያጠራ ማግስቱን ሊጠብቅ ይችላል። ሸክላው ከሦስት እጅ አንድ እጅ በላይ ከሆነ ምርጉ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ንጹሕ ዋልካ ደግሞ ከዚህ እጅግ ያልፋል። ከወንዝ ዳር አሸዋ ማምጣት፣ ጭድ ማብዛት ነው።

ጭቃ እንደ ሊጥ ይቦካል። ጭድ ገብቶበት፣ በእግር ተረግጦ፣ ውኃ እየተጨመረበት ለቀናት የከረመ ጭቃ ከትኩሱ ይልቅ ይያያዛል፣ ስንጥቁም ያንሳል። ሱዳኖች እበት ከአፈር ጋር አክርመው ለውጭ ግድግዳና ለጣራ ልስን ያደርጉታል፤ ዝናብ በመቋቋም ከተራ ምርግ ይበልጣል። እኛም ዘንድ ወለልና ግድግዳ በእበት መለቅለቅ የእናቶች ሙያ ነው። ይህን ሙያ የያዙት እናቶች ለማደሻ ተብሎ ከሚመጣ ባለሙያ ሁሉ አስቀድመው ሊጠየቁ ይገባል፤ የሰፈሩን አፈር የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ገዳሪፍ የሙጫ አገር ነው። ሙጫ በውኃ ተፈትቶ ጭቃ ውስጥ ሲገባ ልስኑን ያጠነክረዋል፣ አቧራውንም ይይዛል። ውኃ ግን አያስችለውም፤ ዝናብ ሲነካው መልሶ ይሟሟል። ለውስጥ ግድግዳ እንጂ ለውጭ አይሆንም።

በጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ መለሰን ቤቱን የሚያስከብር ይመስላል። ነገር ግን ጭቃው እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶው ግን ንቅንቅ አይልም። በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠርና በስንጥቁ የገባ ውኃ መውጫ ያጣል። ከውጭ ሲታይ ደህና የመሰለው ግድግዳ ከውስጥ ይበሰብሳል። በጣት ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ልስን ለቅቋል ማለት ነው፤ ከላዩ ምንም ሳይጨመር ይውረድ። ኖራ ከሲሚንቶ ይሻላል፤ እርጥበቱን ያስወጣዋል።

ስለ ምስጥ። መዶሻ ይያዙና የየቋሚውን ሥር ዝቅ ብለው ይምቱ። ጤነኛ እንጨት ጥኑ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ድምፁ ይደፈናል። ከዚያ ጠመንጃ መፍቻ ወይም ወፍራም ምስማር ተጭነው ይውጉት፤ ያለ ትግል ከገባ ያ ቋሚ ቤቱን አልተሸከመም፤ ቤቱ ነው እሱን ይዞ ያቆመው። ግድግዳው ላይ ከመሬት ተነስቶ ሽቅብ የሚሄድ የእርሳስ ውፍረት ያለው የጭቃ መስመር ካዩ የምስጡ መንገድ ነው። አፍርሰውት በማግስቱ ይመልከቱት፤ ተጠግኖ ካገኙት ምስጡ አሁንም ሥራ ላይ ነው። የመከላከያው ልባስ እስከ መሬት አይውረድ፤ ከታች አንድ ስንዝር ባዶ ግድግዳ ይቅር። ያ ስንዝር ከተሸፈነ ምስጥ ሳይታይ ይወጣል።

አዲስ የሚተከል ቋሚ ሥሩ በእሳት ይለብለብ፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይትም ይቀባ፤ በድንጋይ መሠረት ላይ ቢቆም ደግሞ ይበልጥ ዕድሜ ያገኛል። ዘይቱ ከውኃ ጉድጓድና ሕፃናት ከሚጫወቱበት ይራቅ።

ያውቁ ኖሯል? ጋሞ ተራሮች ላይ ያሉት ዶርዜዎች ከቀርከሃ የሚሸምኑት ቤት ሲሠራ እስከ 12 ሜትር ከፍታ ይደርሳል። ምስጥ ሥሩን ሲበላው የተበላውን ቆርጠው ያወጡትና ቤቱ ዝቅ ይላል፤ እንዲህ እያጠረ የሰው ዕድሜ ያህል ይኖራል። ሲያስፈልግም ሰዎች ተሸክመው ሌላ ቦታ ያቆሙታል።

የኮርኒስ ነገር። በአገራችን ከተሞች አቅም ያነሰው ሰው የማዳበሪያ ከረጢት እየተረተረ፣ እየሰፋ ኮርኒስ ይሠራል። አቅም ያለው ቺፕውድ ይመታል። ከረጢቱ ራሱ ስስ ነው፤ ሙቀት አያግድም። የሚያግደው በቆርቆሮውና በከረጢቱ መካከል የሚቆመው አየር፣ ከከረጢቱ በላይ የሚነጠፈው ደረቅ ነገር ነው። 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ ጭድ በአንድ ካሬ ሜትር ከ10 ኪሎ ብዙም አያልፍም፤ ቀጭን ወራጅ ይሸከመዋል። ያንኑ ያህል አፈር ግን 160 ኪሎ ያህል ይከብዳል። ህድሞ የተባለው የኤርትራና የትግራይ ደጋ ቤት ጣራው አፈር ነው፤ ቀዝቃዛም ነው። ነገር ግን ያን አፈር የተሸከሙት ወፋፍራም ምሰሶዎችና የድንጋይ ግንብ ናቸው። የአባቶቹን ህድሞ እያሰበ በቀጫጭን ባሕር ዛፍ ላይ አፈር የሚጭን ሰው በልጆቹ ራስ ላይ ነው የሚጭነው።

ኮርኒስ ሌላም ሥራ አለው። በ2009 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የጋምቢያ ጥናት እንዳሳየው፣ በወንፊት ኮርኒስ የተሠራላቸው ቤቶች የሚገባባቸው የወባ ትንኝ ወደ ግማሽ ተጠግቶ ቀንሷል፤ በርና መስኮቱ በወንፊት፣ የጣራ ሥር ክፍተቱም ጭምር የተዘጋላቸው ደግሞ ከግማሽ በላይ። በእነዚህ ቤቶች የሚኖሩ ሕፃናት የደም ማነስም ቀንሷል። ትንኟ በብዛት የምትገባው በግድግዳውና በክዳኑ መካከል ባለው ክፍተት ነው። ያ ክፍተት ግን የቤቱ መተንፈሻም ነው። በጭቃ ከተደፈነ ቤቱ ይታፈናል፤ በወንፊት ከተዘጋ አየሩ ይመላለሳል፣ ትንኟ ትቀራለች።

ገዳሪፍ በሱዳን ካላዛር ከሚበረታባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ ወዲህ መተማና ሑመራም ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች በዚህ በሽታ ይጠቃሉ። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለምትሆን በተራው የአጎበር ቀዳዳ ታልፋለች። በዚህ አካባቢ የምትገኘው በዋልካው ስንጥቅ ውስጥና የግራርና የበደኖ ዛፍ ባለበት ነው። ስለዚህ በቤቱ ዙሪያ ያለው የተሰነጠቀ መሬት ይሞላ፣ ይደልደል። ለመስኮት የሚገዛው ወንፊት ደግሞ ከተገኘው ሁሉ ደቃቁ ይሁን።

ያውቁ ኖሯል? የጎጆ ክዳን ከውስጥ የሚያጠቁረው ጥቀርሻ ሣሩን ከተባይ ይጠብቃል። ይህ እውነት ነው፤ ዋጋው ግን ሳንባ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። ቀዳዳው ሁሉ ተደፍኖ፣ ኮርኒስ ተሠርቶ ምድጃው እዚያው ከቀረ ጭሱ ከበፊቱ ይብሳል። ማድ ቤቱ ይለይ፤ ካልተቻለ ጭስ መውጫው ከመከላከያው በፊት ይሠራ።

ከሰል ከጭስም ይከፋል፤ ጭስ አይታይበትምና። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። በድሮው ቤት ሾልኮ ይወጣ የነበረው መርዝ በታደሰው ቤት ውስጥ ይከማቻል። ቡና ሲፈላ በሩ ይከፈት፤ ፍም ያለበት ማንደጃ ሰው ከሚተኛበት ክፍል አይደር።

የከተማ ቤት የሚያድስ ሰው ሁለት ነገር ይጠንቀቅ። አንደኛው በአሮጌ ሕንፃ ላይ የሚገኝ የአስቤስቶስና የሲሚንቶ ክዳን ነው። ሁሉም የአስቤስቶስ ዓይነት ካንሰር ያመጣል፤ የሚጎዳውም ሲሰበርና ሲጋዝ በሚወጣው ብናኝ ነው። አይጋዝ፣ አይበሳ፣ በደረቁ አይጠረግ። ሁለተኛው የድሮ የዘይት ቀለም ነው። እርሳስ የተባለው ብረት ስላለበት በደረቁ ተፍቆ የሚቦነው አቧራ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ በውኃ አርጥቦ መፋቅ ነው። ኢትዮጵያ በ2018 ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚፈቀደውን እርሳስ ከሚሊዮን እጅ 90 እጅ ላይ ወስናለች፤ ከዚያ በፊት የተቀባው ግን ግድግዳው ላይ ነው ያለው።

ኖራ የተቀባ ጣራ ከሚያርፍበት ፀሐይ አብዛኛውን ይመልሳል፤ የዛገ ቆርቆሮ ግን አብዛኛውን ይጠጣል። በሕንዷ አህመዳባድ በ2017 የ3 ሺህ ያህል ድሃ ቤተሰቦች ጣራ ነጭ ተቀብቷል። ሥራው ርካሽ ነው፤ ውጤቱ በዚያው ቀን ይታወቃል። ዝግጅቱ ግን አይዘለል፦ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ይፈተግ፣ አቧራው ይታጠብ። ያልበረደ ኖራ ውኃ ሲነካው ይፈላል፣ ዓይንም ያጠፋል። ስለዚህ መነጽርና ጓንት ይደረግ፤ ልጆች አይቅረቡ። የሐረር ጀጎል ቤቶች ከጥንት ጀምሮ ወፋፍራም የድንጋይ ግድግዳቸውን ኖራ ሲቀቡ ኖረዋል፤ ያለ ምክንያት አይደለም።

የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ወረቀት ከቆርቆሮው ጋር ተጣብቆ ከተመታ ሥራው ከንቱ ነው። ከፊቱ ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር ባዶ አየር ያስፈልገዋል፤ ገጹ ወደ ታች ሲሆን ደግሞ አቧራ አያርፍበትም።

የእርዳታ ሸራ ብዙ ጊዜ 4 በ5 ሜትር ነው። በሣር ክዳን ላይ ሲነጠፍ ለአንድ ክረምት ያድናል፤ ከዚያ በላይ ሲቆይ ሣሩን አፍኖ ያበሰብሰዋል። በበጋ ይነሳ፣ ሣሩ ይናፈስ።

ጭድና አገዳ ለመከላከያ ከመግባታቸው በፊት መድረቃቸው ይፈተን፦ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ የሚሰበረው ደርቋል፤ የሚለመጠው ገና ነው። የማሽላ አገዳ ልቡ በጥቃቅን የአየር ክፍሎች የተሞላ በመሆኑ በእስር በእስር ተደርድሮ ጥሩ መከላከያ ይሆናል። ፍሬ የቀረበት ግን አይጥ ይጠራል፤ አይጥ ደግሞ እባብ ይጠራል። ስለዚህ በደንብ ይወቃ። ጭዱን በቀጭን የጭቃ ውኃ ነክሮ፣ ጠቅጥቆ ማድረቅ እሳቱንም አይጡንም ይቀንሳል።

ስለ እሳት ካነሳን፣ ስፊር የተባለው የሰብአዊ እርዳታ መመዘኛ በመጠለያዎች መካከል ቢያንስ 2 ሜትር፣ በየ300 ሜትሩ ደግሞ 30 ሜትር ባዶ መሬት እንዲተው ይጠይቃል። ቤት ሲታደስና ሲሰፋ መጀመሪያ የሚበላው ይህ ክፍተት ነው። ጎረቤትዎ ዳሱን ወደ እርስዎ፣ እርስዎም ወደ እሱ ሲገፉ ሁለታችሁም አንድ ክብሪት ላይ ትተኛላችሁ። ጭድ ከላይ ያለበት ቤት ውስጥ ኩራዝ አይንጠልጠል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለ ደግሞ የተላጠው ይቀየር፤ በጭድ ውስጥ የተቀበረ ሽቦ የሚያወጣው ሙቀት መሄጃ ስለሌለው በቧንቧ ውስጥ ይለፍ።

ኒም በሱዳን ሰፈሮች የታወቀ የጥላ ዛፍ ነው። ለምዕራቡ ግድግዳ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ሥሩ ከዋልካው ውኃ ሲመጥ መሬቱ ይኮማተራል፣ ግድግዳውም ይሰነጠቃል። ጥላው ቤቱ ላይ የሚደርስበትን ያህል ቀርቦ፣ ሥሩ መሠረቱ ላይ የማይደርስበትን ያህል ርቆ ይተከል።

ከ2020 ኅዳር ጀምሮ ከኢትዮጵያ የተሰደዱ ወገኖች በኡም ራኩባ፣ ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ በቱናይድባ ሰፍረዋል። ኡም ራኩባ በ1985ቱ ረኃብ ጊዜም ኢትዮጵያውያንን ተቀብላ ነበር። በድንኳን ጀምረው ብዙዎች በእጃቸው ጎጆ ቀልሰዋል። የስደተኛ ድንኳን የሚያገለግለው ለአንድ ዓመት ገደማ ነው፤ በኡም ጋርጉር ያሉት ጎረቤቶቻቸው ግን በጭቃና በሣር ግማሽ ምዕተ ዓመት መኖር እንዴት እንደሚቻል ያውቃሉ። አዲስ የመጣው ነባሩን «እንዴት አድርገህ ነው ግድግዳህን ያቆምከው?» ብሎ ቢጠይቅ ከየትኛውም የእርዳታ መመሪያ ይልቅ የሚረባ መልስ ያገኛል።

የመጨረሻው የጊዜ ጉዳይ ነው። ምርግ ከላዩ መከላከያ ሳይለብስ ውስጡ ድረስ መድረቅ አለበት፤ ወፍራሙ ሳምንታት ይፈጅበታል። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ዝናቡ የሄደበት፣ ሙቀቱ ያልበረታበት ነው። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ማሽላው ተቆርጦ አገዳውና ጭዱ አዲስና ደረቅ ሆኖ የሚገኘውም ያኔ ነው። እስከ መጋቢት ከተጠበቀ ያው አገዳ ለከብት መኖ ይፈለግና ዋጋው ይወጣል።